ፍሪጌት ወፍ ጠላቂ አይደለም

ለክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ከጉሮሮው ሥር ያለው ቀይ ከረጢት እንደ ፊኛ የተነፋ ጥቁር ወፍ ፎቶግራፍ አውጥታችሁ «የባሕር ንስር ዓሣ ለመያዝ ከመጥለቁ በፊት» ብላችኋል። ወፉ ንስር አይደለም፤ ጠላቂም አይደለም።

በፎቶው ላይ የሚታየው በሐሩር ውቅያኖሶች የሚኖረው ፍሪጌት ወፍ ነው። መልኩ ንስር ቢያስመስለውም ሥጋ ዘመዱ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች እየጠለቀ ዓሣ የሚያጠምደው ኮርሞራንት ነው። ፍሪጌት ግን ላባው ውኃን በደንብ ስለማይከላከል፣ እግሩም እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ባሕር ላይ ካረፈ ተነሥቶ መብረር ይቸግረዋል። ስለዚህ ከውኃው ብቅ የሚሉትን በራሪ ዓሦችና ስኩዊድ የሚባሉትን ብዙ ክንድ ያላቸው ለስላሳ የባሕር እንስሳት እየበረረ በቆልማማ መንቁሩ ይለቅማል፤ አንዳንዴም ሌሎች የባሕር ወፎችን እያሳደደ፣ ጭራቸውን እየጎተተ፣ የዋጡትን ያስተፋቸዋል። እዚህ አራት ኪሎ ከሥጋ ቤት ደጃፍ ሥጋ ነጥቆ የሚሄደውን ጭልፊት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም፤ የእኛው ጭልፊት ግን የተዋጠውን እስከ ማስመለስ ሲደርስ አላየሁም።

ከሁሉ የሚደንቀው በረራው ነው። የክንፉ ስፋት ከ2 ሜትር ሲበልጥ ክብደቱ ከ1.5 ኪሎ ግራም እምብዛም አይርቅም። በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ መካከል ባለችው የዩሮፓ ደሴት ወፎች ላይ መሣሪያ አስረው የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳወቁት፣ ፍሪጌት መሬት ሳይረግጥ እስከ 2 ወር ድረስ አየር ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ወደ ላይ በሚነፍሰው አየር ተሸክሞ ደመና ውስጥ እየገባም 4,000 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከእንጦጦ ራስ በላይ ይወጣል። በዚያው ዓመት በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ወፉ እየበረረ በቀን በአማካይ 42 ደቂቃ ያህል ብቻ እንደሚተኛ አሳይቷል።

የቀይ ከረጢቱ ነገር ስሕተቱን ያባብሰዋል። ከረጢት ያለው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ የሚነፋውም ቁጥቋጦ ላይ ተቀምጦ ከበላዩ የሚያንዣብቡትን ሴቶች ለመጥራት ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው ያገኘው ዓሣ ያማረውን ሳይሆን ሚስት የሚፈልገውን ወፍ ነው።

ብዙ መምህራን ጋዜጣችሁን ለክፍል ትምህርት እንደሚጠቀሙበት ስለማውቅ፣ እርማቱ በሚቀጥለው እትም ከፎቶው ጋር አብሮ እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ