ለዘበኛ እንከፍላለን፣ ለጣሪያ ግን አንከፍልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኮንዶሚኒየም በጋዜጣ የሚጻፈው በአብዛኛው ዕጣ እስኪወጣ ድረስ ያለው ነው። ስንት ቤት ተላለፈ፣ ስንት ሰው ይጠብቃል፣ ግንባታው ለምን ዘገየ። ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ ሕንፃው ማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም። እኔ በአዲስ አበባ የአንድ ብሎክ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ከሆንኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ከወደቀባቸው ሰዎች አንዱ ነኝና ትንሽ ልበል።

ብሎካችን ባለ አራት ፎቅ ነው፤ 40 ቤቶች አሉት። ባለፈው ክረምት የጣሪያው አሸንዳ በቅጠልና በፌስታል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ገባ፤ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ ሳፋ ሲቀያይሩ አደሩ። በማግሥቱ ለጥገና መዋጮ ስጠይቅ ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ «ጋሼ፣ ጣሪያው እኮ የእኔ አይደለም፤ እኔ ዘንድ አንድ ጠብታ አልወረደም» አሉኝ። መስከረም ሳይጠባ የፍሳሽ መስመሩ ተዘጋና የእሳቸው መታጠቢያ ቤት ሞልቶ ፈሰሰ። ለፍሳሽ መምጠጫ መኪና የሚከፈል ገንዘብ ፍለጋ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። መልሱ ያው ነበር፤ ሽታው እነሱ ዘንድ አይደርስም።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ግን እንዲህ አይልም። ከየግል ቤቱ ውጭ ያለው ሁሉ የባለቤቶቹ የጋራ ሀብት ነው፤ ወጪውም እንዲሁ። ማኅበሩ የሕግ ሰውነት የተሰጠውም ይህን እንዲያስተዳድር ነው። ምድር ቤት የገዛ ሰው ሳያስበው የጣሪያውንም ድርሻ ገዝቷል። ይህን ለማስረዳት ከአዋጁ አንድ ገጽ አባዝቼ በየደረጃው ለጥፌ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱን ወረቀት ገልብጠው «የሚከራይ ቤት አለ» ብለው ጽፈውበት አገኘሁት።

ለጥበቃ ክፈሉ ስል ግን ማንም አይከራከረኝም። ሌባ ይፈራል፤ የዛገ ቆርቆሮ አይፈራም። በዚህ ምክንያት ማኅበራችን ቀስ በቀስ የዘበኞች ደመወዝ ከፋይ ሆኖ ቀረ። ጥበቃና ጥገና የተለያዩ ነገሮች የሚመስሉት ሰው የግቢያችንን የማንሆል ክዳን ነገር ይስማ። ክዳኑ ብረት ነበር። ማጠፊያው ተሰብሮ ለማስበየድ ገንዘብ ጠፋና ስድስት ወር እንዲሁ ተቀመጠ። አንድ ሌሊት ክዳኑ ተነሥቶ ሄደ፤ ለቆራሌው ተሽጦ ይሆናል። ዘበኛው በዚያ ሌሊት አልተኛም ነበር፤ የግቢው አምፖል ከተቃጠለ ወራት ስላለፉት ግን አሥር እርምጃ ፊት ለፊቱ ያለውን ማየት አይችልም። በሳምንቱ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። እኛም ተሰብስበን ዘበኛውን አባረርን። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ይህን ሁሉ የነዋሪው ግዴለሽነት ያመጣው ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። እነዚሁ ጎረቤቶቼ የእድር ክፍያ አንድ ወር አያሳልፉም። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም ይከፍላል። እድሩ ግን የነዋሪው ነው፤ ተከራዩም ባለቤቱም እኩል ይጻፋሉ፣ ሒሳቡም በጉባኤ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የእኛ ማኅበር የባለቤቶች ነው፤ ከ40ው ቤት ደግሞ 26ቱ የተያዘው በተከራይ ነው። ባለቤቶቹ ገሚሱ ሌላ ሰፈር፣ ገሚሱ ዋሽንግተንና ዱባይ ናቸው። ተከራዩ ስብሰባ ይመጣል፣ ድምፅ የለውም። ባለቤቱ ድምፅ አለው፣ አይመጣም። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ እንበተናለን። ከአሜሪካ የደወሉልኝ አንድ ባለቤት፣ ቤታቸውን ያዩት ቁልፍ የተረከቡ ዕለት ብቻ እንደሆነ ነግረውኝ፣ ለመሆኑ ደረጃው ይጸዳል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

የእኔም ጥፋት አለበት። አንድ ጊዜ ሰባት ወር ሙሉ ሒሳቡን ሳልለጥፍ ቆየሁ። አንድ ብር አልጎደለም፤ ነገር ግን ያላየውን ሒሳብ ማን ያምናል? በዚያን ጊዜ መዋጮ ካቆሙት ቤቶች አምስቱ እስካሁን አልተመለሱም።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ለሚመለከተው አካል የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ባለቤቱ የማኅበሩን መዋጮ ካልከፈለ ተከራዩ ከኪራዩ ላይ ቀንሶ ይክፈል፣ ደረሰኙንም ለባለቤቱ ይላክ። ይህ ተከራዩን አንድ ሳንቲም አያስወጣውም፤ ዱባይ ያሉትንም ስልክ ደጋግሞ ከመደወል ያሳርፈናል። ለተከራይ ድምፅ የመስጠቱ ነገር ደግሞ መንግሥትን አይጠብቅም ባይ ነኝ። ቤት በመሸጥና በመለወጥ ሳይሆን በጥበቃ፣ በጽዳትና በመብራት ጉዳይ ቢያንስ አሳባቸው እንዲቆጠር ባለቤቶቹ መስማማት እንችላለን።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዲስ ሒሳብ ያዥ ለመምረጥ ስብሰባ ጠርተናል። ወንበር የተዋስነው ከእድሩ ነው፤ ሃምሳ። ባለፈው ጊዜ ሠላሳ ስምንቱን እንደተደራረቡ መልሰናቸዋል።

ተሰናባች ሒሳብ ያዥ
ከአዲስ አበባ