ሚጣ፣ ቡቺና የአንገት ማሰሪያው፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ኮምቦልቻ

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደሴ ብርዱ በርትቷል፤ እናንተ ዘንድ ሙቀቱ እንደሚከፋ አውቃለሁና የቡችላው ውሃ መጠጫ ከጥላ ሥር አይጥፋ።

በስልክ ሁለት ነገር ነገርሽኝ። ሚጣ ቡቺ ያለችውን ቡችላ ይዛ መግባቷን፣ ደግሞም ከትምህርት ስትመለስ የሆነ ነገር እየሠራች «ለጎረቤት ልሽጥ» ማለቷን። አንዱንም አትከልክያት። እንዲያውም ሁለቱን ካገናኘሻቸው አንዱ ሌላውን ያስተምርልሻል።

ኮምቦልቻ የሚያድግ ልጅ ከሕፃንነቱ የሚያየው የፋብሪካ በር ነው፤ ጨርቃ ጨርቁን፣ ቢራውን፣ ቆዳውን፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩን። ሥራ ማለት ማስታወቂያ ሲለጠፍ ተሰልፈው የሚገቡበት ነገር ብቻ ቢመስለው አይፈረድበትም። መቀጠር ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን ሥራ ከሌላ ሰው ችግር እንደሚነሣ በዐይኑ ያላየ ልጅ፣ በሩ የተዘጋበት ቀን የሚያደርገው ይጠፋዋል። ቡችላ ደግሞ አይናገርም። ምን እንደፈለገ መገመት፣ መሞከር፣ ሳይሆን ሲቀር መንገድ መለወጥ ግድ ነው። ሚጣ ይህን በየቀኑ ትለማመዳለች።

በቅድሚያ ጤናውን እንጨርስ፤ ይህ የአንቺ ድርሻ ነው፣ ለልጅ አይተውም። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል። የትል መድኃኒት እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ ያስፈልገዋል። በጨዋታ መሐልም ቢሆን ነክሶ ካደማት፣ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። በዓል ሲመጣ የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን እንዳይጣልለት ተጠንቀቂ። ውሃ የቋጠረ ሳንባ የበላ ውሻ አንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ያፈራል፤ ዕንቁላላቸው ከዐይነ ምድሩ ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፤ ልጅ ዳብሳው እጇን ሳትታጠብ ከበላች በጉበቷ ወይም በሳንባዋ ውስጥ ለዓመታት የሚያድግ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊያመጣባት ይችላል። ስለዚህ ሆድ ዕቃ 30 ደቂቃ ይቀቀል፤ ውሃ የቋጠረው ይቀበር። ክሊኒክ ስትሄዱም ፕራዚኳንቴል ያለበትን መድኃኒት ጠይቂ፤ ይህን ትል የሚገድለው እሱ ነው። የወጥ ትራፊ አይቅመስ፤ ወጣችን ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ በስሎም ቢሆን የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ሩዝ ወይም ዳቦ ከተቀቀለ ሥጋ ወይም ከዕንቁላል ጋር ይስማማዋል፤ እስከ አራት ወሩ በቀን አራት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከስድስት ወሩ በኋላ ሁለት።

ከጎረቤቶቻችሁ የሚሰግዱ አሉ፤ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካ ማጠብ ግድ ይላቸዋል። ሚጣ ራሷ በየቤቱ ሄዳ «ቡችላዬን በየት በኩል ባሳልፈው ይሻላችኋል?» ብላ ትጠይቅ። አንቺ አትጠይቂላት። ሰው ምን እንደሚያስቸግረው ጠይቆ መስማት ኋላ ገዢ ፊት ስትቆም የሚያስፈልጋት ነገር ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። መጀመሪያ «ና» የሚለውን ታስተምረው። ሰዓቱ ከምግብ በፊት፣ ራብ ሲል፤ ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ በላይ ካስረዘመችው ቡችላው ይሰለቻል፣ እሷም ትናደዳለች። የተቀቀለ ጉበት ወይም ዳቦ የአተር ፍሬ እያሳከለች ትቁረጥ። ሁለት እርምጃ ርቃ ቁጭ ትበልና ስሙን ጠርታ «ና» ትበል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እንደደረሰ በዚያችው ሰከንድ ታጉርሰው፤ ከዘገየች የተሸለመው ስለመጣ ይሁን መሬት ስላሸተተ አይለየውም። ከአምስት ጥሪ አራቱን ከመጣ ርቀቱን ወደ አምስት እርምጃ ታሳድግ፣ ቀጥሎ ወደ ግቢ ትውጣ፣ ቀጥሎ ሌሎች ልጆች ባሉበት ትሞክር። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ ወደ ቀድሞው ርቀት ትመለስ። ጥሪውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው «ና» ብሎ ጠርቶ ማሰር ወይም መምታት ነው። ከዚያ በኋላ ምን ሊያገኝ ብሎ ይመጣል?

ደብተር ስጫት። የት እንደጠራችው፣ ስንት ጊዜ እንደጠራችው፣ ስንት ጊዜ እንደመጣ ትጻፍ። በሳምንቱ ከበላ በኋላ ጨርሶ እንደማይሰማት፣ የጎረቤት ዶሮ ባለበት እንደሚቀር ከራሷ ጽሑፍ ታያለች። «ይሄ ቡችላ ሰነፍ ነው» ማለቷን ትታ «ለምን ይሆን?» ማለት የምትጀምረው ያኔ ነው። እኔ ለዚህች ለውጥ ትልቅ ዋጋ እሰጣለሁ።

አንቺም ራስሽን ታዘቢ። ሠርታ ልታሳይሽ ስትሮጥ መጀመሪያ የምትናገሪው ስለቆሸሸው እጇ ወይም ስለተዝረከረከው ክፍል ከሆነ፣ ጠርተሽ እያሰርሻት ነው። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። አንድ ጥግ ለእሷ ይለይላት፤ ካርቶን፣ ክር፣ ጨርቅ፣ ቆርኪ፣ መቀስ የሚቀመጥበት። ቡችላ ጥርስ ሲያበቅል ጫማ የሚበላው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ 28ቱ የወተት ጥርሶች ረግፈው 42ቱ እስኪወጡ፣ ከሦስት እስከ ሰባት ወር ገደማ፣ ድዱ ያሳክከዋል፤ የራሱን የሚነክሰው ነገር ስትሰጪው ጫማሽን ይተዋል። የልጅም እጅ የራሱ ማበላሻ ሲኖረው የቤቱን ዕቃ ይተዋል። ባዶ ጊዜም ይኑራት። ቡችላ በቀን 18 ሰዓት ያህል ይተኛል፣ ማንም ጎበዝ አይደለም አይለውም፤ ከትምህርት ወደ ማጠናከሪያ፣ ከማጠናከሪያ ወደ ቴሌቪዥን የምትነዳ ልጅ ግን ሐሳብ የሚመጣበት ሰዓት የላትም።

ቡችላና ልጅ የሚለያዩበት ቦታም አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይስታል። ቡችላ በቁራሽ ይማራል። ልጅን ግን ወዳ የምትሠራውን ነገር አስቀድመሽ «ይህን ከሠራሽ ይህን እሰጥሻለሁ» ካልሻት ፍቅሩ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፍለው ነበር። ለአንዱ ቡድን «ብትሥሉ ሽልማት አለ» አሉት፤ ለሌላው ሳይነግሩ በኋላ ሸለሙት፤ ለሦስተኛው ምንም አልሰጡም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ መልሶ ሲቀርብላቸው፣ ሽልማት ተነግሯቸው የነበሩት ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ሣሉ። ስለዚህ ለፈጠራዋ ከአንቺ ኪስ አትክፈያት፤ ገንዘቡ ከገዢ ይምጣ። ከአንቺ የሚያስፈልጋት በደንብ አይቶ መናገር ነው፤ «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ «ጫፉን አጥፈሽ ስለሰፋሽው አልተተረተረም» ማለት ይረዳታል።

ምን ትሥራ ካልሽኝ፣ አትንገሪያት። ቡቺ ያሳያታል። በየግቢው ውሻ የሚታሰረው በሲባጎ ወይም በሽቦ ነው፤ ቡችላ በየሳምንቱ ስለሚያድግ ገመዱ መጀመሪያ ፀጉሩን፣ ቀጥሎ ቆዳውን ይበላል። ይህን ስታይ «ምን ቢሆን ይሻለው ነበር?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። ወደ ሌላ ሐሳብ ከሄደች ተከተያት፤ ወደ አንገት ማሰሪያ ከመጣች ግን የሚከተለውን ያዢ።

ጥሩው ዕቃ ከሰልባጅ ቦርሳ የተቆረጠ ማንገቻ ነው። ለቡችላ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ለትልቅ ውሻ 2.5። የአንገቱን ዙሪያ በክር ለክታ ክሩን ማስመሪያ ላይ ትዘርጋ፤ በዚያ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ትጨምር፤ 5ቱ ዘለበቱ ለሚታጠፍበት፣ 10ሩ ለቀዳዳውና ለዕድገቱ። ናይለን ከሆነ ጫፉ እንዳይተረተር ሻማ ላይ መቅለጥ አለበት፤ ያን አንቺ አድርጊላት። ጥጥ ከሆነ አይቀልጥም፣ ይነድዳል፤ እሱ ታጥፎ ይሰፋል። ዘለበቱንና የብረት ቀለበቱን በእጥፉ ውስጥ አስገብታ፣ ሰም በተቀባ ድርብ ክር ዙሪያውን አራት ማዕዘን፣ መሐሉን በመስቀል ቅርጽ ትስፋ። አምስት ቀዳዳ በ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይበሳ። ናይለን በቀዝቃዛ ወስፌ ከተበሳ ክሩ ተመልሶ ይገጥማል፤ ወስፌው ግሎ መሆን አለበት፣ ይህም የአንቺ ሥራ ነው። ሲጠለቅለት ሁለት ጣት በሥሩ መግባት አለበት፤ ሦስት ከገባ ይወልቃል፣ አንድ ብቻ ከገባ ያንቃል። ለቡችላ በየሳምንቱ ይታይ።

ከመሸጡ በፊት ይፈተን። ማሰሪያው ተቆልፎ ምሰሶ ላይ ይንጠልጠል፣ ቀለበቱ ላይ 10 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ለአምስት ደቂቃ ይታሰር፤ እግሯን ከሥሩ ታርቅ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ስፌቱ ነው፤ ክሩ ነጠላ ስለሆነ ወይም ስፌቱ ወደ ጫፉ በጣም ስለተጠጋ። የፕላስቲክ ዘለበትም ይሰበራል። የለቀቀው ለሰው አይሸጥም፤ ፈትታ ለምን እንደለቀቀ ትመልከት።

ሒሳቡ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ትልቅ ሰውም እዚህ ይወድቃል። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ናቸው፣ እውነተኛውን ጫማ ሰፊውንና ሰልባጅ ተራውን ጠይቃ ትሙላው። ለአምስት ማሰሪያ፦ ዘለበት 125 ብር፣ ቀለበት 50፣ ማንገቻ 75፣ ክርና ሰም 30፤ ድምሩ 280። ለአምስት ሲካፈል 56 ብር ይመጣል። ነገር ግን አንዱ ጀሪካኑን ካልቻለ የሚሸጡት አራት ናቸው፤ ስለዚህ የአንዱ ወጪ 70 ብር ሆነ። በ65 ብር ብትሸጥ በያንዳንዱ 5 ብር እየከሰረች ያተረፈች ይመስላታል። በ100 ከሸጠች 400 ይገባል፤ 280ው ለሚቀጥለው ዕቃ ይቀመጣል፣ 120ው የእሷ ነው። ከዚያ ሰዓቷን ትቁጠር። አንዱ ሁለት ሰዓት ከፈጀ አምስቱ አሥር ሰዓት ነው፤ ለሰዓት 12 ብር። ይህን ቁጥር ስታየው ወይ ዋጋ ትጨምራለች ወይ የሚያፈጥን ዘዴ ታበጃለች። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለክቶ መቁረጥ፣ ቀዳዳውን የሚለይ ምልክት የተደረገበት የእንጨት ማስመሪያ መሥራት፤ እንዲህ ያለውን አንቺ ሳትነግሪያት ካገኘችው አይረሳትም።

መነሻውን አበድሪያት፣ አትስጫት። ስንት እንደወሰደች፣ መቼ እንደምትመልስ ደብተር ላይ ጽፋ ትፈርም። ብድሩ ቢጠፋ ቤታችሁን የማይጎዳ ይሁን። ካልተሸጠላት ሌላ ብር አትጨምሪ፤ ያልተሸጠውን ይዛ ለምን እንደሆነ ትጠይቅ። እንባዋ ቢመጣ አብሽሪ፣ ያልፋል፤ አንቺ ግን ሮጠሽ አትግዢላት። ለአንቺ ይሉኝታ ብለው የሚገዙ ወዳጆችሽም ይቅሩባት፤ ማሰሪያው ደህና መሆን አለመሆኑን አይነግሯትም። አንዱን ውሻ ላለው ጎረቤት ለሳምንት በነፃ ታውሰውና ሦስት ነገር ትጠይቀው፦ አንገቱን ፋቀው? ወለቀ? ምን ቢለወጥ ትገዛዋለህ? ሁለተኛ ሊገዛ የሚመለሰውን ወይም ለሌላ የሚነግረውን ሰው በደብተሯ ለይታ ትጻፈው።

ወሰኑን ደግሞ አንቺ አስምሪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ሚጣ ተቀጣሪ ባትሆንም አዋጁ ስለምን እንደወጣ አትርሺ፤ በቀን ይህን ያህል አምጪ አትባል፣ የቤት ሥራዋን የሚሻማ ትዕዛዝ አትቀበል፣ የእሷ ብር ለቤት ጨው አይግባ። ወደ ባቲ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት አስፋልት ዳር ሸቀጥ ይዛ እንዳትቆም።

አንድ ትዕዛዝ ከእኔ ትውሰድ። የእኛ ውሻ አንገት ዙሪያው 42 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስፋቱ 2.5፣ ዘለበቱ ብረት ይሁን። ስንት ሴንቲ ሜትር ማንገቻ እንደሚወስድ ራሷ ታስላው፤ ዋጋውንና የምታደርስበትን ቀን በእጇ ጽፋ ትላክልኝ። አያቴ ናት ብላ እንዳትቀንስ፤ ጀሪካኑን ካልቻለ ግን እመልሰዋለሁ።

እናትሽ
ከደሴ