ለማዕድን ሚኒስቴር፦ የደላንታ ኦፓል ታሪክ በደላንታ ይቀመጥ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በደላንታዋ ወገልጤና የሚወጣው ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል። ሲነክሩት የቀለሙ ጨዋታ ቀስ በቀስ ይጠፋና ድንጋዩ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ሲደርቅ ቀዩም አረንጓዴውም ይመለሳል። የአካባቢው ልጆች ይህን በዓይናቸው አይተው ምክንያቱን የሚማሩበት የማዕድን ሙዚየም እዚያው ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ እንዲሠራ እጠይቃችኋለሁ።

የሰሜን ሸዋው የመዘዞ ኦፓል በ1980ዎቹ ለዓለም ገበያ ቢቀርብም እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ ስሙ አልጸናለትም። የወገልጤናው በ2000 ዓ.ም. ሲገኝ ግን ገበሬው መዶሻና ዲጂኖውን ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ። ኦፓሉ የሚገኘው በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል በተጋደመ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ቆፋሪው ያንን ንብርብር እየተከተለ ጠባብ ዋሻ ይፈለፍላል። አለቱ ተንዶበት እዚያው የቀረ ሰው አለ። ቀለበቱን በጣቱ የሚያጠልቅ ሰው ይህን ከየት ይወቅ?

የምፈራው ያማሩ ድንጋዮች በመስታወት ውስጥ ተደርድረው ሙዚየም እንዳይባሉ ነው። ከየትኛው ገደል፣ ከየትኛው ንብርብር፣ መቼ እንደወጣ ያልተጻፈለት ኦፓል ጌጥ ነው፤ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህ ደግሞ በወጣበት ቀን ካልተመዘገበ፣ ድንጋዩ ሁለት ደላላ ካለፈ በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ያረጀው ዲጂኖ፣ የዋሻው ንድፍ፣ በሥራው ላይ የሞቱት ሰዎች ስም፣ የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች በራሳቸው አንደበት የሚሰጡት ቃል ከድንጋዩ እኩል ቦታ ይገባቸዋል። ታሪኩ ገና ትኩስ ነው፤ ጠይቆ መቅዳት ይቻላል።

በዋና ከተማ ያለ አዳራሽ ይህን ሁሉ አይተካም። የሻኪሶ ወርቅ በሻኪሶ፣ የዩብዶ ፕላቲነም በዩብዶ፣ በአሞሌ መልክ ገንዘብ ሆኖ አገር የዞረው ጨውም በአፋር ቢነገር ደስ ይለኛል። ደላንታን ያስቀደምሁት ድንጋዩ በየዕለቱ ከአገር እየወጣ ስለሆነ ነው።

ሕንፃው በጀት ይጠብቅ። መዝገቡ ግን መጠበቅ የለበትም፦ አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ ወገልጤና ላይ ይመደብ፤ ከየዋሻው የተመረጡ ናሙናዎችን ለቆፋሪው ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ ይረከብ፤ የተገኙበትንም ቦታ እዚያው ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጉዳዩ የሚያሳስበኝ ዜጋ