ቋሚ ቦታ ስላልነበረው ተጫዋች

ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ። የእማማን መርዶ የሰማሁት ዘግይቼ ነበር። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል አርባቸው ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር ብዬ አፈርኩ። ሀፍረት እያደረ ይከብዳል። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ይቅር በለኝ።

እንድጽፍልህ ያደረገኝ ልጄ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱን ይዟል፤ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ኳሷን በዱላ መትቶ ቤዝ የሚባሉትን ምልክቶች እየረገጡ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከልምምድ ስመልሰው መኪና ውስጥ አለቀሰ። «አሰልጣኙ አንድ ቀን ሁለተኛ ቤዝ፣ አንድ ቀን ሦስተኛ ቤዝ፣ ሰው ሲጎድል ደግሞ ዳር ሜዳ ያቆመኛል። የራሴ ቦታ የለኝም» አለኝ። በዚህ ምክንያት ሁለት ጓንት ይዞ ነው የሚዞረው። አንዱ ትንሽ ነው፤ ኳሷ ውስጡ ሳትቀበር ቶሎ አውጥቶ ለመወርወር ይመቻል። የዳር ሜዳው ግን ረጅም ነው፤ ከሩቅ የምትመጣዋን ኳስ ሮጦ ለመቅለብ የተሠራ። ይህን በቅርቡ ስገዛለት እንደ ደረቅ ቁርበት ግትር ነበር። ዘይት ቀብተን፣ ኳስ መሃሉ አስገብተን፣ በገመድ ጠፍረን ስንት ሌሊት አሳደርነው። አሁን እጁን ለምዷል።

ያን ዕለት ድሩ ማጊ ስለሚባል የቤዝቦል ተጫዋች ነገርኩት። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልህ። ፒትስበርግ ፓይሬትስ የተባለው ክለብ ይህን ሰው የመረጠው በ2010 ክለቦች በየተራ አዳዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት በ15ኛው ዙር ነው። እዚህ አገር ተመረጥክ ማለት ዋናው ሊግ ገባህ ማለት አይደለም። ከሥር በትናንሽ ከተሞች የሚጫወቱ ቡድኖች አሉ፤ ተጫዋቹ በእነሱ በኩል ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ አብዛኛው ግን ሳይወጣ ይቀራል። ማጊ በዚያ 13 የውድድር ዘመን ከ1,100 በላይ ጨዋታ ተጫውቷል። ሾርትስቶፕ፣ ማለት በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው፣ ሲጎድል እዚያ፣ ሦስተኛ ቤዝ ሲጎድል እዚያ ይቆማል። ከክለብ ክለብ እየተዘዋወረ፣ አብረውት የጀመሩት ጡረታ ሲወጡ እሱ አውቶቡስ ላይ ነበር። በ2021 ሚኔሶታ ትዊንስ የሚባለው ክለብ ወደ ዋናው ቡድን ጠርቶት ነበር። መለያውን ለብሶ ተቀመጠ፤ አንዲት ኳስ ሳይመታ መልሰው ላኩት። ይህን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ።

የገንዘቡ ልዩነት ደግሞ ያስደነግጣል። በ2023 የታችኞቹ ሊጎች ተጫዋቾች በታሪካቸው የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ሲፈርሙ፣ እሱ በነበረበት ደረጃ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ 30,250 ዶላር ሆነ። በዋናው ሊግ ዝቅተኛው 720,000 ነበር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የፒትስበርጉ ኮከብ ብራያን ሬይኖልድስ በሐዘን ፈቃድ ወጣ። ቦታውን ለጥቂት ቀን እንዲሸፍን ማጊን ከታችኛው ቡድናቸው ከአልቱና ጠሩት። ዕድሜው 33 ነበር። በኛ ሚያዝያ 18 ቀን፣ ዶጀርስ ከሚባለው የሎስ አንጀለስ ክለብ ጋር ሲጫወቱ፣ በስምንተኛው ዙር ተቀይሮ ዱላውን ይዞ ወጣ። ሕዝቡ ተነሥቶ ስሙን እየጠራ አጨበጨበለት። ቪዲዮውን ከልጄ ጋር ደጋግመን አየነው። ኳሷን ሳይመታት ወጣ፤ ሕዝቡ ግን ያጨበጨበው ለ13 ዓመቱ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ቅዳሜ፣ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ቡድኑ እኛ ዘንድ ዋሽንግተን መጥቶ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ተጫወተ። እኔ ታክሲዬን አቁሜ ሰው እየጠበቅሁ በሬዲዮ እከታተል ነበር። በሁለተኛው ጨዋታ መታት! ቤዙን ያዘ፤ አንድ ነጥብም አስቆጠረ። ብቻዬን መሪውን እየደበደብኩ ጮህኩ። የሚያየኝ ሰው የዋሽንግተኑ ቡድን የናሽናልስ ደጋፊ መሆኔን ቢያውቅ ይገርመው ነበር፤ በዚያ ጨዋታ 16 ለ 1 ተሸንፈናል። ማጊ በዋናው ሊግ የተጫወተው በጠቅላላው ሦስት ጨዋታ ነው። ከዚያ ወደ አልቱና ተመለሰ።

ልጄ ዝም ብሎ ሰማኝና «አንተ የምታውቀው እንደዚህ ያለ ሰው አለ?» አለኝ። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ አንተ መጣህብኝ።

በሰፈራችን ቡድን አሥር ቁጥር የእኔ ነበር፤ ማንም አይነካብኝም። አንተ ግን በረኛው ሲቀር በረኛ፣ ተከላካይ ሲጎዳ ተከላካይ፣ ሰው ሲሞላ ደግሞ ልብስ ጠባቂ ነበርክ። ለዋንጫ የተጫወትን ቀን ትዝ ይልሃል? በረኛችን ቀርቶ ግማሹን ጨዋታ አንተ ጠበቅህልን፤ አንድም አልገባብህም። ዕረፍት ላይ እሱ ሲደርስ ጓንቱን አውልቀህ ሰጠኸውና ሄደህ ልብሳችን አጠገብ ተቀመጥህ። ጉልበትህ ተልጦ ይደማ ነበር። አምበሉ እኔ ነበርኩ። «ይግባ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንተን ዞር ብዬም አላየሁህ። ዋንጫውን ይዘን ስንዞር የት እንደነበርክ ዛሬ ባስብ ባስብ ትዝ አይለኝም።

ለልጄ ይህን ሁሉ ነገርኩት፣ የእኔንም ጥፋት ጨምሬ። አሁን ጥያቄ አለው፤ ከእኔ ሳይሆን ካንተ መስማት ይፈልጋል። እሁድ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውልልሃል። አማርኛው ትንሽ ይሰባበራል፤ ታገሰው። ከእሱ ስትጨርስ ስልኩን ለእኔ እንዲሰጠኝ ንገረው።

ያንተው ወንድምህ
ከሲልቨር ስፕሪንግ