የጥለት ዕድሜ በቀለም አይለካ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በወሎ የዲዛይን ታሪክ የሚያጠኑ ወጣቶች የድሮ ቀሚስ ጥለትን ዕድሜ በቀለሙ ባይገምቱ መልካም ነው። ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ ድምቀት ብቻውን አዲስነትን አያሳይም። ክሩ ይሻላል።

በቀሚሱ ባለቤት ፈቃድ ከስፌቱ ስር ከተደበቀው ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ክር ቆርጦ፣ በወረንጦ ይዞ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይበናል (ከእንጨት የሚሠራው ክር፣ ሬዮንም እንዲሁ ስለሆነ ተጠንቀቁ)። ሐርና ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይከረፋሉ። ቀልጦ ጠጣር ዶቃ የሚሆነው ሰው ሠራሽ ነው፤ ፖሊስተር ከሆነ ከ1941 እ.ኤ.አ. ሊቀድም አይችልም።

ትልቁ ስህተት ግን የጥለቱን ዕድሜ ለቀሚሱ ሁሉ መስጠት ነው፦ ያረጀ ጥለት ተፈትቶ በአዲስ ይተካል። ስለዚህ የሸማው ድርና ማግ፣ የጥለቱና የስፌቱ ክር ለየብቻ ይፈተኑ፣ ለየብቻም ይመዝገቡ።

ከደሴ