በራሳችሁ ንድፍ ትልቅ የሌጎ ሞዴል ለምትሠሩ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ትልቅ ሞዴል ልትሠሩ የሌጎ ጡብ (እርስ በርሱ የሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ) በብዛት ስታዝዙ፣ የምትፈልጉትን ጡብ ዓይነት፣ ቀለምና ብዛት ዝርዝር አስቀድመን እንጠይቃችኋለን። «ዝም ብላችሁ በኪሎ አትሸጡልንም?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ምክንያታችንን እነሆ።

መጀመሪያ ብዛቱን እንይ። ስምንት ጉብታ ያለው 2 በ4 ጡብ ርዝመቱ 32 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ጡብ ብቻ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ግድግዳ ብትሠሩ 3,250 ፍሬ ያህል ይበላል። ያውም አንድ ግድግዳ! ሞዴሉን «ትንሽ ተለቅ እናድርገው» ብላችሁ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ብታደርጉት የግድግዳው ጡብ አራት እጥፍ ይሆናል። ውስጡን ድፍን ካደረጋችሁትማ ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ መጠኑን ሳትቆርጡ ግዢ አትጀምሩ።

ትልቁ ጣጣ ግን ቀለም ነው። አምራቹ ሌጎ ኩባንያ በ2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ ግራጫዎቹንና ቡናማውን ቀይሯል። አዲሱ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለየብቻ ስታዩዋቸው አሮጌውና አዲሱ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግድግዳ ላይ ሲገናኙ ግን ልዩነቱ ዓይን ውስጥ ይገባል። ነጩም ፀሐይ ላይ ከቆየ ይወይባል። በኪሎ የሚሸጠው ቅይጥ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ነው ያሉት።

ቅይጡ ግን አይረባም ማለታችን አይደለም። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣ ጡብ ከዛሬው ጋር ይገጥማል። ለውስጥ ምሰሶና መሙያ የፈለገው ቀለም ይሁን፣ ማን ያየዋል? በውጭ ለሚታየው ግን አዲስ ጡብ ግዙ፤ ያንንም በአንድ ጊዜ። ከቆጠራችሁት ላይ አንድ አሥረኛ ያህል ጨምሩበት። እየሠራን ሐሳብ የማንለውጥ ማን አለን?

ዝርዝሩን ለማውጣት ብሪክሊንክ ስቱዲዮ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ሞዴሉን እዚያ ላይ ከገነባችሁ ጡቡን በዓይነትና በቀለም ቆጥሮ ይሰጣችኋል። በወረቀት ብትጽፉትም እንቀበላለን፤ ስሱንና ወፍራሙን ጡብ ብቻ ለዩልን። ሦስት ስስ ጡብ ሲደራረብ የአንድ ወፍራም ከፍታ ይኖረዋል። ወፍራሙ ቢያልቅ በስሱ መተካት ይቻላል፣ ግን ሦስት እጥፍ ፍሬ ይፈልጋል።

ጡቡ ሲደርሳችሁ በቀለም ሳይሆን በቅርጽ ለዩት። ከአንድ ዓይነት ቅርጽ መሃል ቀይዋን ማግኘት ቀላል ነው። ከቀይ ክምር ውስጥ አንዲት ትንሽ ቁራጭ መፈለግ ግን ዓይን ያፈዛል።

ዝርዝራችሁ እንደደረሰን ያለንንና የሌለንን ለይተን እንነግራችኋለን። የማይገኝ ቁራጭ ካለ ክፍያ ሳትፈጽሙ ንድፋችሁን ማስተካከል ትችላላችሁ። ቅይጡን በኪሎ መግዛት የምትፈልጉም እንደ ድሮው ማዘዝ ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትዕዛዝ ክፍል ባልደረቦች