ማታ 2 ሰዓት ላይ ልጅ ማስተኛት ያስቃል እንዴ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምኖር የ4 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ሰሞኑን ጎረቤቴ ማታ 2 ሰዓት ላይ ልጄን ሳስተኛ አይታ «ምነው፣ ከዶሮ ጋር አስተኛሻት!» ብላ ሳቀችብኝ። አልፈርድባትም፣ ዓምና እኔም እስቅ ነበር።

ያኔ ልጄ የምትተኛው 4 ሰዓት ተኩል ነው። አባቷን ትጠብቃለቻ! እሱ የታክሲ ሰልፍ ጨርሶ ሲገባ 2 ተኩል ይሆናል፣ ራት ይቀርባል፣ ድራማው ይጀምራል፣ ቤታችን ደግሞ ስቱዲዮ ስለሆነ ሳሎኑም መኝታውም ያው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዓይኗን ሳትገልጥ ካልሲዋን አጠልቅላታለሁ። ዳቦውን አፏ ውስጥ እንደያዘች እንቅልፍ ይወስዳታል። ሰርቪሱ ታች ክላክሱን ሲያስጮህ እኔም እጮህባታለሁ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። በኋላ መምህሯ ኮሚዩኒኬሽን ቡኳ ላይ «ክፍል ውስጥ ትተኛለች» ብላ ጻፈችልኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ፣ የቀኑም ተደምሮ፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት ይላል። እኔም ከሰርቪሱ ወደኋላ ቆጠርኩ። 12 ሰዓት ለምትነሳ ልጅ 10 ሰዓት እንዲሞላላት 2 ሰዓት ላይ መተኛት አለባት፣ በቃ። የኔዋ ግን ሌሊቱን በሙሉ የምትተኛው ለ7 ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር።

«ልጅ ሲደክመው ራሱ ይተኛል» የሚሉ አሉ፣ እናቴን ጨምሮ። የኔዋ ሲደክማት ይብስባታል እንጂ፣ ትነጫነጫለች፣ አልጋ ላይ ትዘላለች።

አሁን ራቷን 12 ተኩል ላይ ትበላለች። 1 ተኩል ሲል ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ስልኩ ቁምሳጥን ላይ ይወጣል፣ መጋረጃ እንጋርድና በሹክሹክታ እናወራለን። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ብቻ ነበር። ግን ከእሷ ይልቅ የከበደው ለእኛ ነው። እኔ ድራማዬ ቀረብኝ፣ አባቷ ደግሞ «ታዲያ ልጄን መቼ ልያት?» ብሎ ከፋው። እውነቱን ነው። አሁን ጠዋት ቁርስ የሚያበላትም ጫማዋን የሚያስርላትም እሱ ነው። 20 ደቂቃ ብትሆን ነው፣ ግን ልጅቷ ነቅታ ታወራዋለች።

ትምህርት ቤቶችን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ለኤልኬጂ ልጅ በየማታው ሁለት ገጽ የቤት ሥራ ምን ይሠራላታል? 11 ሰዓት ቤት የገባች ልጅ መቼ ትጫወት፣ መቼ ትብላ፣ መቼስ ትተኛ?

አንዲት እናት፣ ከጀሞ